ማዳበሪያው ሸተተ፤ ልተወው ወይ?

በዚህ ወር ከጅማ ሦስት የጓሮ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ብዙ ቤት የሚገጥም ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መንደራ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ግቢው የጋራ ነው፣ አምስት ቤተሰብ ነን። ቆሻሻ መጣል ሲመረኝ ጊዜ ኮምፖስት (ብስባሽ) ልሥራ ብዬ ልጣጩንም፣ የቡና አተላውንም፣ ከጎረቤት የሚወጣውን የጫት ገራባም ሰኔ ላይ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። አሁን ጥቁር ውሃ ያንጠባጥባል። ዝንቡ አይነሳ! ሽታው በራፍ ድረስ ይመጣል። አከራዬ እትዬ «እስከ እሁድ አንሺልኝ» ብለውኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው እህቴ። እስከ እሁድ ይስተካከላል።

ያጣው አየር ነው። ልጣጭ ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ጠቅጥቀሽዋል፣ በዚያ ላይ የጅማ ክረምት ወረደበት። አየር ሲኖር ቆሻሻውን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን መጥፎ ሽታ አያመጡም፤ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት የሚሸተው ዝናብ እንደነካው የጫካ አፈር ነው። አየር ሲጠፋ ግን ያለ አየር የሚኖሩት ይተካሉ፣ ያ የሚያስመርርሽ ሽታም የእነሱ ነው። መድኃኒቱ ደረቅ ነገር ነው።

ደረቅ ነገር ደግሞ ጅማ ውስጥ መች ይጠፋል? በርጩማ የሚሠሩ አናጺዎች ጋ ሰጋቱራ አለ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው እንዳይሆን ብቻ ጠይቂ። ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ከሚፈለፈልበት ቦታ ደግሞ ገለፈት ይገኛል፣ እሱማ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። ሁለቱም ካጡ የደረቀ ቅጠልና የተቀደደ ካርቶን ይበቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተሕዋስያኑ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ፤ ልጣጩና አተላው ናይትሮጅኑን ሲሰጡ ሰጋቱራውና ገለፈቱ ካርቦኑን ይሰጣሉ። እቤት ይህን በሚዛን መለካት የለብሽም። አንድ ባልዲ እርጥብ ነገር ሲገባ ሁለት ባልዲ ደረቅ ይግባ፣ በቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ማዳበሪያውን ሸራ ላይ ገልብጪው። ሽታው ያን ሰዓት ይብሳል፣ ለጎረቤት ቀድመሽ ንገሪ። ደረቁን ቀላቅይበት፣ ከዚያ አንድ እፍኝ አንሺና ጭመቂው። በጣቶችሽ መሀል ጠብ ጠብ ካለ ገና ደረቅ ይጨመርበት፤ እጅሽን አርሶ ምንም ካላንጠባጠበ ልክ ነው። መሬት ላይ እንጨት ረብርቢና በላዩ ከምሪው፣ ከታች አየር ይግባው። ከላይ ሸራ ወይም የኮባ ቅጠል አልብሺው። ዝናብ ከዚህ በኋላ አይንካው። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ልጣጭ ስትጨምሪ መሀሉን ቆፍረሽ ቅበሪና በደረቅ ሸፍኚ፣ ዝንቡም የሚቀመጥበት ያጣል።

አንድ ማዳበሪያ ብቻውን ትንሽ ስለሆነ አይሞቅም፤ ይበሰብሳል ግን ወራት ይፈጅበታል፣ የአረምና የቲማቲም ፍሬም ሳይሞት ይቀራል። በሁሉም ጎን 1 ሜትር የሚሆን ክምር ግን መሀሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ፍሬውንም የበሽታ ተሕዋስያኑንም ይገድላል። አንድ እንጨት መሀሉ ላይ ሰክተሽ ተዪውና በየጥቂት ቀኑ ነቅለሽ ዳብሺው፤ ሲሞቅ ታውቂዋለሽ። ሙቀቱ ሲበርድ ክምሩን ገልብጪው። እንዲህ ከያዝሽው በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል።

አምስት ቤተሰብ ከሆናችሁ ይህን ክምር መሙላት ቀላል ነው። ቡና ስትጠጡ ሐሳቡን አንሺላቸው። ሥጋ፣ ዘይት፣ የወጥ ትርፍ እንዳይገባ ግን ተስማሙ፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። እትዬንም «ጨረስኩ» ብለሽ ሳይሆን ክምሩን አሳይተሽ አነጋግሪያቸው፣ ሽታው ሲጠፋ የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ስለ ገራባው አንድ ነገር ልጨምር። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፣ አንዳንዱ ኬሚካል ደግሞ ቢበሰብስም ቶሎ አይጠፋም። ከማን ማሳ እንደመጣ የማታውቂውን ገራባ ለብቻው ከምሪና ለአበባ አድርጊው። ቆስጣና ሰላጣ ላይ እንዲሆን እኔ አልመክርም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጊንጆ ነው የምኖረው። የቡና አተላ ለአትክልት ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ቃሪያ ችግኜ ሥር በየቀኑ ደፋሁ። ችግኙ ቢጫ ሆነና ቆመ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አባቴ፣ የሰሙት ልክ ነው፣ የተሳሳተው አደፋፉ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ወጥቶለትም አተላው ውስጥ ናይትሮጅኑ አለ፤ አብዛኛው በውሃ አይሟሟምና። ችግኙ ግን ያን ናይትሮጅን እንዳለ ሊበላው አይችልም፣ መጀመሪያ መበስበስ አለበት። እስከዚያው ጥሬ አተላ ለጨቅላ ሥር ከባድ ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ቅርፊት ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም።

ከላይ ያለውን ጠርገው ያንሱለት፣ በንጹህ ውሃ ያጠጡት። ሥሩ ካልተጎዳ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ከእንግዲህ አተላውን ክምር ውስጥ ይክተቱት፤ ከጠቅላላው ክምር ከአምስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ። የጅማ ቀይ አፈር ወደ አሲዳማነቱ ስለሚያደላ የምድጃ አመድም ይጠቅሞታል፣ ግን በስሱ ነስንሰው ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉት፣ ችግኙን እንዳይነካ። ክምሩ ላይ አመድ ከበዛ ናይትሮጅኑ የሚሸት ጋዝ ሆኖ ተኖ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ መሬት የለኝም፣ ደጄ ሲሚንቶ ነው። ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ብቻ ነው የተረፈኝ፤ ላቃጥለው?

መልስ፦ አታቃጥለው ወንድሜ፣ ጭሱ ለጎረቤትህም ለልጆችም መርዝ ነው። ቦይ ውስጥም አትጣለው፣ ዝናቡ ጠርጎ አዌቱ ወንዝ ይጨምረዋል። መሬት ባይኖርህም የማዳበሪያ ጆንያ አለህ። አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ሙላበት፣ መሀሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር አቁምበት፣ ውሃው በዚያ በኩል እስከ ታች ይደርሳል። ጎኑን በየስንዝሩ ብጣና ቆስጣ ወይም ጎመን ትከልበት፣ አናቱ ላይ ቃሪያ። የሃይላንዱን ክዳን በመርፌ ብሳው፣ ቂጡን ቁረጠውና ገልብጠህ አፈሩ ውስጥ ሰካው፤ በጋ ላይ ውሃ በጠብታ ያጠጣልሃል። የፀረ ተባይ ወይም የቀለም ዕቃ የነበረውን ግን ለሚበላ ነገር በፍጹም አትጠቀም፣ ታጥቦም ቢሆን።