ውድ ሰዓት ፎቶ ማንሳት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

የሰበሰባችሁትን ሰዓት ለሽያጭም፣ ለኢንሹራንስም፣ ለጉራም ፎቶ ስታነሱ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሮሌክስ ሰብማሪነሬን ባነሳሁ ቁጥር መስታወቱ ላይ የማየው ራሴን ነው። ስልኬ፣ ጣቴ፣ የጣሪያው አምፖል ሳይቀር ይታያል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የጥያቄው ግማሽ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። የአሁኖቹ ውድ ሰዓቶች መስታወት ሰው ሠራሽ ሳፋየር (ሰንፔር) ነው። ሳፋየር ከተራ መስታወት የበለጠ ብርሃን ይመልሳል። ፀረ ነጸብራቅ ቅብ ከሌለው ከእያንዳንዱ ገጹ ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ብርሃን ይመለሳል። የተወለወለው ብረት ሲጨመርበት ሰዓቱ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ካሜራው ላይ አይደለም፤ ሰዓቱ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ማስተካከል ነው።

መጀመሪያ የጣሪያውን መብራት አጥፋ። ፍላሹንም እርሳው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አስጠጋ። በመስኮቱና በሰዓቱ መካከል የአርክቴክቸር ተማሪዎች ፕላን የሚገለብጡበትን ስስ ወረቀት ዘርጋ፤ ከሌለህ ስስ ነጭ መጋረጃም ይሠራል። አሁን ብረቱ ላይ የሚያርፈው ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ይሆናል። ከዚያ ጥቁር ካርቶን ውሰድና መሃሉን ሌንስህ በሚያህል ልክ ቅደደው። ሌንሱን ቀዳዳው ላይ ደግነህ አንሳ። መስታወቱ የአንተን ፊት ትቶ ጥቁሩን ካርቶን ይመልሳል፤ ጥቁር ደግሞ ፎቶ ላይ አይታወቅም። የተወለወለው ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሊወጣ ይችላል። እሱን ተወው፣ ቅርጹን ያጎላዋል።

ጥያቄ፦ ፖላራይዘር፣ ያንን ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ ብገዛስ?

መልስ፦ ከላይ ቀጥ ብለህ ስታነሳ ምንም አይፈይድልህም። ሳፋየር ላይ የሚሠራው ከጎን አዘንብለህ፣ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ስታነሳ ነው። የብረቱን ነጸብራቅ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። ካርቶኑ ይበልጣል፣ በዚያ ላይ ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያ ላይ ሁሉም ሰዓት 10:10 ነው። የእኔ በሐበሻ አቆጣጠር ስለተሞላ 4:10 ላይ ላድርገው?

መልስ፦ ይቺን ወድጃታለሁ! ካሜራ ሐበሻም ፈረንጅም አያውቅም፤ የሚፈለገው ቅርጹ ነው። አጭሩ ቆጣሪ 10 አካባቢ፣ ረጅሙ 2 ላይ ሲሆኑ ከ12 በታች ያለውን የፋብሪካውን ስም ግራና ቀኝ ያቅፉታል። አጭሩን 4 ላይ ካደረግከው ሁለቱም በቀኝ በኩል ይከመራሉ፣ ግራው ባዶ ይቀራል። አፕል የሰዓቱን ማስታወቂያ 10:09 ላይ ያደርገዋል። ክሮኖግራፍ ከሆነ፣ ማለትም ፊቱ ላይ ትንንሽ ክቦች ያሉት ሩጫ መለኪያ ሰዓት ከሆነ ግን 10:10ን አታምልክ፤ ቆጣሪዎቹ ትንንሾቹን ክቦች የማይሸፍኑበትን ቦታ ፈልግ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀኑም እንዲያምር ብላችሁ የምትቀይሩ ሰዎች፣ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3 ባለው ውስጥ ካለ በመሙያው ቀኑን አትቀይሩ። በዚያን ጊዜ የቀን ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ ብዙ ሰዓት ላይ ሊሰበሩ ይችላሉ። ፊቱን አይታችሁ ደግሞ ጠዋት ይሁን ማታ አታውቁም። ስለዚህ አጭሩን ቆጣሪ መጀመሪያ 6 ላይ አውርዱት፣ ቀኑን ቀይሩ፣ ከዚያ ወደ 10:10 ሂዱ።

ጥያቄ፦ በስልክ ሳነሳው ያበጠ ይመስላል።

መልስ፦ በጣም ስለተጠጋህ ነው። ራቅ በልና በ2 ወይም በ3 እጥፍ ሌንሱ አንሳ።

ጥያቄ፦ ለካሜራዬ አንድ ለአንድ የሚያነሳ፣ ማለትም ዕቃውን ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ የሚያሳርፍ ማክሮ (የቅርብ ማንሻ) ሌንስ የግድ ነው?

መልስ፦ ለሙሉ ሰዓት አይደለም። ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ቁመቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው። 40 ሚሊ ሜትር ሰዓት በአንድ ለአንድ አይገባበትም፤ ግማሽ መጠን ይበቃል። አንድ ለአንዱ ለአርማው፣ ለቁጥሮቹና ለጀርባው ማሽን ነው። የሌንስህ የትኩረት ርዝመት ከ100 ሚሊ ሜትር አካባቢ አይውረድ። አፐርቸርህን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) 8 ወይም 11 ላይ አድርገው፤ ከ16 ካለፈ ምስሉ መለስለስ ይጀምራል። ከፊት እስከ ኋላ ጥርት እንዲል ከፈለግክ ፎከሱን እያንቀሳቀስክ ብዙ ፎቶ አንሳና ሄሊኮን ፎከስ ወይም ዚሪን ስታከር በሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ ደርባቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት። የአባቴን በፈረንጅ 1970ዎቹ የተሠራ ኦሜጋ ልሸጥ ነው። ጭረቶቹን በኤዲት ላጥፋቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም። አቧራና የጣት አሻራ ብታጠፊ ማንም አይቀየምሽም። ጭረት ካጠፋሽ ግን ገዢው ሰዓቱን በእጁ ሲይዝ ወይ ይመልስልሻል ወይ ይጨቀጭቅሻል። ሰብሳቢ የሚፈራው ጭረትን አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የተወለወለ ሰዓትን ነው። ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን አራት ጫፎች አንድ በአንድ በቅርብ አንሻቸው። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጊው። የፋብሪካው ጠርዝ ስል ሆኖ ከታየ ዋጋሽን እሱ ያስከብርልሻል።

ሌላው ጨለማ ውስጥ የሚያበራው ቀለም ነው። በዚያ ዘመን ትሪቲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ቀለም ነበር የሚቀባው፤ ፊቱ ላይ ከ6 በታች «ስዊስ ሜድ» ከሚለው ግራና ቀኝ ቲ የሚል ፊደል ካለ ምልክቱ እሱ ነው። የትሪቲየም ጉልበት በየ12 ዓመት ከሩብ ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ የአባትሽ ሰዓት ዛሬ ጨለማ ውስጥ ቦግ ብሎ ማብራት የለበትም። ክፍሉን አጨልመሽ አንድ ፎቶ አንሺ። ምንም ካልታየ ጥሩ ነው፣ እንደዚያው ለጥፊው። ቦግ ብሎ ካበራ ግን ቀለሙ እንደገና ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ አስቀድመሽ ተናገሪ።

መስታወቱ ፕላስቲክ ከሆነ ቀላል ጭረቱ ፖሊዋች በሚባለው የመወልወያ ቅባት ይለቃል። ብረቱን ግን አደራ፣ አትንኪው።

ጥያቄ፦ የሰዓቱ ሳጥንና ወረቀትስ ፎቶ ላይ ይግባ?

መልስ፦ ይግባ እንጂ! የማን እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ዋጋ አለው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው ፓቴክ ፊሊፕ 2497 የሚባል የስዊስ ሰዓት፣ በፈረንጅ 2015 ጄኔቭ ላይ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ሊያጫርተው ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከጨረታው ወጣ። በፈረንጅ 2017 ተመልሶ ቀረበና ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። የእኛ ሰዓት እዚያ አይደርስም፤ ግን ደረሰኙና ሰዓቱ አንድ ፎቶ ላይ ቢሆኑ ክርክር ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የሴሪያል ቁጥሩን ልሸፍን?

መልስ፦ ለሕዝብ ስትለጥፍ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ሸፍን፤ የውሸት ወረቀት የሚሠራባቸው አሉ። ከልቡ ለሚገዛ ሰው ሙሉውን በግል ላክለት። የአዳዲስ ሮሌክሶች ቁጥር ከመስታወቱ ሥር፣ በውስጠኛው ቀለበት 6 አካባቢ ተቀርጿል። በማክሮ ስታነሳ ሳታስበው ጥርት ብሎ ይነበባልና አጉልተህ እይ። ሰዓቱ እጅህ ላይ መሆኑን ለማሳየት ስምህንና የዕለቱን ቀን በእጅህ የጻፍክበት ወረቀት አጠገቡ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ አቧራውስ? ፎቶው ላይ ብቻ ነው የሚታየኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ፣ ቀጥሎ የመነጽር ጨርቅ። ግትር ሲሆን ሰዓት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ሮዲኮ የሚባል ማስቲካ መሳይ ለስላሳ ነገር አለ፤ ጫን ታደርገውና አቧራውን ይዞ ይነሳል። በአፍህ እፍ አትበል፣ ምራቅ ይረጫል።