የዓመቱ ምርጥ ስብስቦችና ቁም ሣጥን ውስጥ የቀሩ የወሎ ካሴቶች

የኮምቦልቻው ወንድማችን ሦስት ነገር ጠይቋል፦ የዓመቱ ምርጥ የድሮ ዘፈን ስብስብ፣ እንደገና የታተመ አልበምና ሚክስ የቱ ነው? የወሎ ዘፈን ለምን እነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ የለም? አባቱ ያስቀመጧቸውን ካሴቶችስ ምን ያድርጋቸው?

ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ። እንደገና የታተመ ሙዚቃ ከምን እንደተቀዳ ካልታወቀ «የዓመቱ ምርጥ» የሚባለው ዝርዝር የሽፋን ውድድር ነው። ከማስተር ሪል (ስቱዲዮ ውስጥ መጀመሪያ ከተቀዳበት ክር) የተቀዳ ሌላ፣ ከተፋቀ ሸክላ የተቀዳ ሌላ። ከዩቲዩብ ወርዶ ሸክላ ላይ የታተመም አለ እኮ! ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ማብራሪያውን አንብብ፦ መጀመሪያ መቼ እንደወጣ፣ እነማን እንደተጫወቱ፣ ከባለቤቱ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ውል መኖሩን። ይኼ ከሌለ ብርህን አታውጣ።

ለጀማሪ አሁንም ኢትዮፒክስ የተባለው የድሮ ዘፈኖች ተከታታይ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ አልበሞቹ ጀርባ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።) ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለፈረንሳዩ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ ያዘጋጀው ይኼ ተከታታይ 30 ቁጥር ደርሷል፤ ሁሉንም መሰብሰብ ግን የትርፍ ብር ሥራ ነው። ቁጥር 4፣ የሙላቱ አስታጥቄ፣ ማንም የሚያውቀው ነው። ቅኝት ለሚወድ ቁጥር 10 «ትዝታ» እና ቁጥር 16፣ አስናቀች ወርቁ በክራር፣ ይሻላሉ። ቁጥር 21 የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ እሱን በስልክ ስፒከር አትስማው። ከነጠላ አልበም የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» አስቀድም። በ1985 የወጣ ካሴት ነበር፤ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው አሳታሚ ባለቤት ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አገኘውና በ2013 እንደገና አወጣው። ከኛ ወገን የወልድያው አያሌው መስፍን አለ፤ «ሀሳቤ» በ2018 ናው አጌን በተባለው አሳታሚ ታትሟል።

የወሎ ነገር ግን እዚህ ላይ ነው የሚጎድለው። ኢትዮፒክስ ዋና ትኩረቱ ከ1969 እስከ 1975 አዲስ አበባ ውስጥ በሸክላ የታተመው ነው፤ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን የከፈተው በ1969 ነበር። የወሎው የኪነት ቡድን የላሊበላ ኪነት ዘመን ደግሞ የካሴት ዘመን ነው። ባቲና አምባሰል በቅኝትነታቸው ዓለም ያውቃቸዋል፤ በስማቸው የሚጠራው አገር ድምፅ ግን ደሴ ሰኞ ገበያና ፒያሳ አካባቢ ባሉ ቤቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የአባትህን ካሴቶች ከገዛኸው ሁሉ በላይ የማያቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ካሴቱን ከማጫወትህ በፊት በመስኮቱ በኩል ክሩን እየው። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ የደሴ ክረምትና እርጥብ ግድግዳ የሚያመጣው ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሚበረታው ሙቀት ስለሆነ መኪና ውስጥ የቆየ ቅርፊት ይጣመማል። ሻጋታ ያለውን ካሴት ማጫወቻው ቴፕ ውስጥ አታግባ፣ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) አበላሽቶ ወደ ሌላው ካሴት ይዛመታል። ለብቻ አስቀምጠውና ደጅ ላይ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ አጽዳ። ጤነኛውን ደግሞ ቀድመህ ከላይ ያሉትን ሁለት የመቅጃ ጥርሶች ስበር፤ በስሕተት ላዩ ላይ ከመቅዳት ያድንሃል። ከዚያ አንዴ እስከ ጫፍ አስኪደው፣ አንዴ መልሰው፤ ለዓመታት የተጣበቀው ክር እኩል ይወጠራል።

ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ከመሰለህ ክሩን ሄዱ ላይ የሚጫነውን ትንሽ ስፖንጅ ተመልከት። በብዛት ወድቆ ነው የሚገኘው። ከማትፈልገው ካሴት አውጥተህ ቀይረው። ቅርፊቱ ባለ 5 ብሎን ከሆነ በቀጭን ካቻቢቴ ይከፈታል። የተበየደ ከሆነ በጥንቃቄ ሰብረህ ክሩን ባለ ብሎን ቅርፊት ውስጥ አዛውረው።

ቴፑ ራሱ ከ10 ካሴት በኋላ መጽዳት አለበት። ሄዱንና ክሩን የምትስበውን የብረት ዘንግ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ጥረግ። ክሩን ዘንጓ ላይ የምትጫነውን ጎማ ግን በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና፤ አልኮል ሲደጋገምባት ትደርቅና ክር መብላት ትጀምራለች። ድምፁ የሚወላገድ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የላላ ቺንጋ ነው፤ የራዲዮ ጠጋኝ ይቀይረዋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው የሄዱ አቀማመጥ ነው። ከቤት ወደ ቤት የተገለበጠ ካሴት የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ትንሽ ያዘነበለ ስለሚሆን ያንተ ቴፕ ላይ ማሲንቆው ይደበዝዛል። ሄዱ ግራና ቀኝ ብሎን አለው፣ አንዱ ሥር ስፕሪንግ አለ፤ የምትነካው እሱን ብቻ ነው። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በእስክሪፕቶ ምልክት አድርግ። ድምፁን ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ላይ የተቀላቀለ) አድርገህ ጭብጨባ ወይም ማሲንቆ ያለበት ላይ አቁም፤ እያዳመጥህ ብሎኗን የምትነካ ያህል ብቻ ወዲያና ወዲህ አዙር። ቀጭኑ ድምፅ በድንገት የሚፈካበት ቦታ አለ፤ እዚያ ተው። ሩብ ዙር እንኳ አይፈጅም። ስቴሪዮ ላይ ከሠራኸው ጉድለቱ ይሸሸግብሃል።

ወደ ላፕቶፕ ስታስገባ የማይክ ቀዳዳ ውስጥ አትሰካ፤ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም አጉልቶ ይቀደዋል። ላይን ኢን (ከቴፕ የሚመጣ ድምፅ መቀበያ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስፈልግሃል፤ ባለ 16 ቢት እንደ ቤሪንገር ዩሲኤ202 ያለው ለካሴት በቂ ነው። ቴፑ ላይ ያለውን የዶልቢ (የሽሽታ መቀነሻ) ቁልፍ አጥፋ። ላፕቶፑ ከመብራት ተነቅሎ በባትሪ ይሥራ፦ የመብራቱ እምምታ (ኡኡታ የመሰለው ወፍራም ድምፅ) ይቀንሳል፣ መብራት ቢጠፋም የተቀዳው አይጠፋም። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር ከፍተኛው ድምፅ -6 ዲቢ አካባቢ ይሁን። 24 ቢት ከሆነ በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ሰዓት ዋቭ 1 ጊጋ ያህል ይይዛል። የሽሽታ ማጥፊያውን ከ6 እስከ 9 ዲቢ አታስበልጥ፤ ከዚያ ካለፈ ዋሽንቱ ከቧንቧ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን በክራር ማወቅ አይቻልም፣ ክራሩ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሚቃኝ። የተሻለው ዘዴ ሲቀዳ አብሮ የገባውን የመብራት እምምታ መፈለግ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በኦዳሲቲ የስፔክትረም ግራፍ መጠኑን 65536 አድርገህ 50 አካባቢ እይ። ልክ 50 ላይ የሚታየው ያንተ ቴፕ ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ 52 ላይ ሌላ ጫፍ ካለ ካሴቱ ፈጥኗል፣ በ3.8 በመቶ ገደማ ቀንሰው። ኪቦርድ ያለበት ዘፈን ከሆነ ደግሞ ኪቦርዱ ራሱ ይነግርሃል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 6 በመቶ ያህል ነው።

ሚክሱን በተመለከተ፣ አብሽር፣ የዲጄ ዕቃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የቅኝት ጆሮ ነው። የሚክስ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ሜጀርና ማይነር ብቻ ስለሆነ ቅኝት ላይ ይስታል፤ እያንዳንዱን ዘፈን አንተው ሰምተህ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለህ ሰይም። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። ሁለቱን ለ8 ሰከንድ ብታደራርብ ጥርስ ያስፋጫል፤ ቆርጠህ አንድ ሰከንድ ዝምታ ጣልባቸው። ምቱን በአውቶማቲክ አታስገጥም፤ የወሎ 6/8 ከበሮ በሰው እጅ የተመታ ነው፣ እልልታው ሲመጣ ይፈጥናል። የድምፅ ከፍታውን በኦዳሲቲ የላውድነስ ማስተካከያ -16 ላይ አድርግ፣ አለዚያ የ1985ቱ ካሴት ከሲዲው አጠገብ ይሰምጣል።

ለቤትህ መገልበጥ ችግር የለውም። ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኼኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የዘፋኙም የአሳታሚውም መብት 50 ዓመት ስለሚቆይ፣ ካሴቱ ላይ ያለውን የሙዚቃ ቤት ስም ይዘህ መጀመሪያ ጠይቅ። በሕይወት ያሉ ዘፋኞች አሉ፤ ማን ማሲንቆ እንደመታ የሚያስታውሱትም እነሱ ናቸው፣ ስትጠይቅ እሱንም ጻፍ።