በስልክ «አንቺ» የምለው ሰው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ታኮማ አጠገብ ባለው የሉዊስ ማኮርድ ጦር ሰፈር መካኒክ ነኝ፤ ዕድሜዬ 26። ዜግነቴን ያገኘሁት በውትድርና ነው። በሌላም በኩል «ዜጋ» ነኝ፤ ወንድ የምንወድ የሐበሻ ወንዶች እርስ በርስ የምንጠራራበት ቃል ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሦስት ዓመታችን። አሜሪካኖቹ ፍቅረኛ አለህ ወይ ሲሉኝ በእንግሊዝኛ አድበስብሼ አልፋለሁ። አማርኛ ግን መደበቂያ የለውም፤ ግሡ ራሱ ያጋልጣል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የሐበሻ ልጅ አለ፤ እናቱና እናቴ ሲያትል አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። እሱ ባለበት ስልክ ሲመጣ ጓደኛዬን «አንቺ» እለዋለሁ። ለእናቴ ሳወራ ደግሞ «እሳቸው» ነው፤ አለቃዬ ይመስላታል። ታምሜ ሆስፒታል የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው ብላት፣ «ዕድሜ ይስጥልኝ» ብላ መረቀችው።

አሁን ልንሰማራ ነው፤ ብትሞቱ ለማን ይነገር የሚለውን ፎርም አድሱ ተባልን። ስሙን ብጽፍ እናቴ ትሰማለች? ባልጽፍስ እሱ ከማን ይስማ?

መልስ፦ ልጄ፣ የእናትህ ምርቃት አድራሻውን አልሳተም።

እኔ 20 ዓመት በጦሩ የሰው ኃይል ቢሮ ሠርቻለሁ፤ የምትለው ፎርም፣ ፎርም 93፣ ስንቴ በእጄ እንዳለፈ አልቆጠርኩትም። የሕይወት ኢንሹራንሱ፣ እስከ 500,000 ዶላር የሚደርሰው፣ ለብቻው ነው የሚሞላው። ሚስት ስለሌለህ ለፈለግከው ሰው ትጽፈዋለህ፤ በሕይወት እያለህ ለእናትህ ተደውሎ አይነገርም። ፎርም 93 ላይ ያለውን፣ ብትሞት የሚከፈለውን 100,000 ዶላርም በመቶኛ ከፍለህ ለሁለቱም ልታደርገው ትችላለህ። የእሱን ስምና ስልክ በማብራሪያው ቦታ አስገባ። ዝምድና ሲሉህ «ጓደኛ» በቂ ነው።

አንዱን ግን አልደብቅህም። ካልተጋባችሁና ፎርም 93 ላይ ቀብሬን የሚያዘው እሱ ነው ብለህ ስሙን ካልጻፍክ፣ የሚያዘው የሥጋ ዘመድህ ነው። እሱ ከለቅሶው ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ሲል ይታየኛል።

እኔ ስገባ «አትጠይቅ፣ አትናገር» የሚባለው፣ ግብረ ሰዶማዊነቱ የታወቀበትን ወታደር የሚያሰናብተው፣ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ሕግ ይሠራ ነበር። የአንድ ልጅ የፍቅር ደብዳቤ ተገኘ፤ ጠየቁት፣ አልካደም። የስንብት ወረቀቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። በምክንያት ቦታ ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን አምኗል ተብሎ ተጻፈ፤ ሥራ ሊቀጠር በሄደበት ሁሉ ያን ወረቀት ማሳየት ነበረበት። አሁንም ጣቶቼ ላይ አለ። እንዲህ የተሰናበቱት ከ13,000 በላይ ናቸው። ሕጉ በሴፕቴምበር 20 ቀን 2011 ቀረ። ስለዚህ አንተ የምትፈራው ጦሩን አይደለም፤ ማኅበሩን ነው። በዚህ አልፈርድብህም። እኔም ጾም የምጾም ሰው ነኝ፤ ይህን መልሴን የንስሐ አባቴ ባይወዱት አይገርመኝም።

አብሮህ ስለሚሠራው ልጅ፦ የሞተሩ ጩኸት ካላዳነህ በቀር «አንቺ» የተባለችው ሰው ጎርናና ድምፅ ከስልኩ ተሰምቶታል። እስካሁን እናቱ ካልሰማች ዝም ያለልህ ይመስለኛል። ቢከብድህ የክፍላችሁን ቄስ አነጋግር። በምስጢር የነገርከውን ለአለቃህ አያወጣም፤ የሐበሻ ቄስም አይደለም።

እናትህን በስልክ፣ ያውም በመሄጃህ ሰሞን፣ ሁሉን ንገራት አልልህም። «እሳቸው» የሚለውን ግን ተው። ስሙን ንገራት፤ ሆስፒታል የወሰደኝ እሱ ነው በላት። ከመሄድህ በፊት ቡና ይጠጣ ቤቷ። ቁጥሩ እሷ ጋ፣ ቁጥሯ እሱ ጋ ይኑር። ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች በሯን ካንኳኩ፣ ስሙን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሰማም።

ፎርሙን ደግሞ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆየው። ያኔ ሰልፉ ይረዝማል፤ ያ ልጅም ከኋላህ ይቆማል።