ጣሪያው ነው ወይስ ምስማሩ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮተቤ ነው። ቤቴ 7 በ9 ሜትር የሆነ የጭቃ ቤት ነው፤ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1993 ዓ.ም. ያሠራው። ቆርቆሮው ባለ 35 ነው ይላሉ። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይጋመስ ሳሎን ውስጥ ሦስት ባልዲ ደርድሬያለሁ። ጓዳው ኮርኒስ የለውም፤ እሱ ደግሞ ኅዳር ላይ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ማለዳ ማለዳ ይንጠባጠባል። አንድ ሠራተኛ አየና «ከነእንጨቱ ወርዶ እንደ አዲስ ይሠራ» አለኝ። ወንድሜ «አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቢበት» ይላል። ጎረቤቴ ሬንጅ ቀቢው አለችኝ። ማንን ልስማ? በነሐሴስ ማሠራት ይቻላል?
የኮተቤዋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ሦስቱንም አይስሙ።

ከጓዳው ልጀምር፤ እሱ ማፍሰስ አይደለም። ቆርቆሮ በኅዳር ብርድ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድራል፤ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ወጥቶ ሲነካው ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። ላብ ነው በሉት። አዲስ ቆርቆሮ ቢያለብሱትም ያልበዋል። መድኃኒቱ ከግድግዳው ጫፍ ላይ አየር መውጫ መተውና ኮርኒስ ማሠራት ነው። ስንቱ ሰው በዚህ ላብ የተነሳ ደህና ጣሪያ አስወርዷል!

የሳሎኑ ሌላ ነው። ፀሐይ ስትወጣ መብራት ያጥፉና ከኮርኒሱ በላይ ሰው አስገብተው ያሳዩ። ብርሃን የሚገባው በምስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ የደከመው ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ነው። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ቆርቆሮውን ሲስበውና ሲለቀው ምስማሩ ይላላል፤ ጎማውንም ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ይሄ በምስማር ቅየራ ይድናል። ብርሃኑ እንደ ወንፊት በየቦታው ከታየ ግን ዝገቱ በልቶታል። የእርስዎ ባለ 35 ስለሆነ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው ገበያ ላይ «35 ከ28 ይበልጣል» ብሎ የሚሸወደው በዚህ ነው። አቅም ከፈቀደ ባለ 28 ይግዙ፤ እሱም ቢሆን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም።

«ከነእንጨቱ ይውረድ» ላለው ሰው፦ ሞራሌውን፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት፣ ሳይነካ እንዴት አወቀ? ቢላ ወይም ወፍራም ምስማር ይዞ በየክንዱ ይውጋው። ሳይገፋ የሚገባበት ሞራሌ በስብሷል ወይም ምስጥ ገብቶበታል፤ እሱ ብቻ ይቀየር። ብዙውን ጊዜ የሚበሰብሰው አሸንዳው አጠገብ ያለው የመጨረሻው ነው።

ወንድምዎ ክፉ አላሰበም፤ ግን በአሮጌው ላይ ሲደረብ እርጥበቱ በመሃል ይታፈናል፣ የታችኛው ዝገትም ወደ ላይኛው ይሻገራል። ሬንጁ ይህን ክረምት ያሻግርዎታል፤ ቀዳዳው ላይ ብቻ ይቀባ። በበጋው ፀሐይ መሰንጠቁ አይቀርም።

ስለዚህ ነሐሴን በሬንጅና በባልዲ ይለፉት። የተገለጠ ጭቃ ግድግዳ አንድ የነሐሴ ሌሊት ዝናብ ቢያገኘው ከጣሪያው የባሰ ወጪ ነው። ሥራው ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ሲገባ ይጀመር።

አሁን ወደ ልኩ። 7 ሜትሩ ለሁለት ሲከፈል 3 ሜትር ተኩል፤ 50 ሳንቲም ለውጭ ጥላው ሲጨመር 4 ሜትር። አናቱ ከጫፉ 1 ሜትር ከ20 ከፍ ካለ፣ ተዳፋቱ ወደ 4 ሜትር ከ18 ይመጣል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ቢገዙ፣ ሁለቱ በ20 ሳንቲም ተደራርበው የሚሸፍኑት 3 ሜትር ከ80 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛ ገዝተው አብዛኛውን ቆርጠው ይጥላሉ። ይልቅ በልክ የሚቆርጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ 4 ሜትር ከ25 አስቆርጠው ቢያመጡ መሃል ላይ መጋጠሚያ የሚባል ነገር አይኖርም። ወደ ጎን ደግሞ 9 ሜትሩ ከሁለቱ ጫፍ ጥላ ጋር 10 ይሆናል። ሻጩ የሚነግርዎ ሙሉ ስፋቱን ነው፤ እርስዎ ግን «ተደራርቦ ስንት ይሸፍናል?» ይበሉት። «75 ሳንቲም ይሸፍናል» ካለዎ በአንድ ወገን 14፣ በሁለቱ 28 ቆርቆሮ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን የራስዎን ጣሪያ በሜትር ያስለኩ፤ አናቱን እኔ በግምት ነው የጻፍኩት።

ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው እንጂ ጎድጓዳው ላይ አይደለም። ይህን የምለው በ1974 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በያዝኩት ሥራ ሙሉውን ጣሪያ ጎድጓዳው ላይ መትቼ ስለማውቅ ነው። «እንዲህ ይበልጥ ይጠብቃል» ብዬ ነበር። ሰኔ ላይ የቤቱ እመቤት አስጠሩኝ፤ አልተቆጡም፣ ባልዲውን ብቻ ሰጡኝና ውሃውን እንድደፋ አዘዙኝ። እስከ ማታ ደፋሁ።

ሠራተኛው አዲሱን ምስማር በአሮጌው ቀዳዳ እንዳይመታ ይንገሩት፤ እንጨቱ አይዘውም፣ ጥቂት ጣት ፈቀቅ ይበል። የጎን መደራረቢያው አፍ ደግሞ ዝናብ ከሚመታበት ወገን በተቃራኒው ይዙር። ከየት እንደሚመታ ከሠራተኛው ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ክረምት ላይ ቀድሞ የሚርሰው የትኛው ግድግዳ ነው?

አሮጌውን ቆርቆሮ ለቆራሌው አይቸኩሉበት። ደህና ደህናው ለአጥር ወይም ለዶሮ ቤት ይሆናል። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ጣሪያው ላይ ውሃ በጎማ አስለቅቀው ከታች ካዩ በኋላ ይስጡ። ሞራሌው ተወግቶ ምን እንደተገኘ ይጻፉልኝ፤ ከግማሽ በላይ በስብሶ ከተገኘ ያን ሠራተኛ ያለ አግባብ አምቼዋለሁ ማለት ነው።