ፈቃድ ልትወጪ ስትይ ኢሜይልሽ ላይ ቀልድ ልታስቀምጪ ላሰብሽው እህቴ

«ከሰኞ ጀምሮ የሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ኢሜይሌ በራሱ የሚልከው መልስ ሰውን ፈገግ እንዲያሰኝ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ በሙሉ ቀልድ ደርድረውልሻል። እኔ ግን በዚህ ነገር የተቃጠልኩ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሺኝ።

1. ቀልዱ ማን እጅ እንደሚገባ አስቢ። እኔ ከዓመታት በፊት እንዲህ ብዬ ወጣሁ፦ «እስከ ሰኞ እንደሞትኩ ቁጠሩኝ። ሰኞ ጠዋት እነሳለሁ። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ጮክ ብላችሁ አልቅሱ፤ ካልሆነ ቀስ ብላችሁ።» አለቃዬ ሳልወጣ አሳይቼው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ይህቺን ያዢልኝ።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ደንበኛችን ቢሮ ኢሜይል መጣ። ለረጅም ጊዜ አብሬው የሠራሁት ሰው በድንገት አርፏል፤ ቀብሩ ነገ ነው የሚል መርዶ። የእኔ መልስ ወዲያው በረረ። እንደሞትኩ ቁጠሩኝ፣ አልቅሱ። መርዶውን የጻፈችው ልጅ ይህን ስታነብ ምን እንደተሰማት አስቢው። እኔ ደግሞ ስልኬን አጥፍቼ ተኝቻለሁ።

ስመለስ የሰው ኃይል ክፍል ጠራኝ። ኃላፊዋ መልሱን አትማዋለች። ዜና እንደሚያነብ ሰው ፊቷን ሳትፈታ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። «‹ቀስ ብላችሁ› ያልከው ማንን ነው?» አለችኝ። ምን ይባላል? አለቃዬ አጠገቧ ተቀምጧል። ዘወር ብዬ ባየው፣ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አሁን ነው የሰማሁት» አይል መሰለሽ! ማስጠንቀቂያው ከነፊርማው ፋይሌ ውስጥ ገባ። የሟቹ ባልደረቦች ጋ ራሴ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሐዘን ላይ ያሉት ሰዎች ከገዛ መሥሪያ ቤቴ የተሻለ አናገሩኝ።

2. አውትሉክ ከሆነ የምትጠቀሚው፣ ለመሥሪያ ቤትሽ ሰዎችና ከውጭ ለሚጽፉ ሁለት የተለያየ መልስ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ሰነፍ አንዱን ገልብጬ ሁለቱም ላይ ለጠፍኩት። ጥፋቴ በሙሉ ያ ነው። ቀልዱን ለውስጥ፣ ደረቁን ለውጭ አድርጊ። ጂሜይል ላይ አድራሻቸው ለተመዘገበ ሰዎች ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ግን ብዙ አትመኪበት። የዚያች ልጅ አድራሻ እኔ ጋ ተመዝግቦ ነበር። ደግሞ ጂሜይል ያው ሰው ደጋግሞ ከጻፈ በየ4 ቀኑ መልሱን ይልክለታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጨቅጫቃ ሰው ያንኑ ቀልድ አራት ጊዜ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው። አራተኛው ላይ ማንንም አያስቅም።

3. አማርኛችን ራሱ ጣጣ አለው። የሚጽፍልሽ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ አታውቂም። «አንተ» ብትይ ድፍረት ነው፤ «እርስዎ» ብለሽ ስትቀልጂ ደግሞ ቀልዱ ከረባት አስሮ ይቀርባል። «እናንተ» ሲባል ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግራ ቀኙን ያያል። ብዙ ታግዬ ያገኘሁት መላ፣ ስለ ራስ ብቻ መቀለድና ሌላውን «ይደወል»፣ «ይላክ» እያሉ ማለፍ ነው። ስለ ራስሽ ስትቀልጂ የሚቀየምም የለም።

የመመለሻ ቀንሽንና የሚተካሽን ሰው ስም ከቀልዱ በፊት ጻፊ። ተተኪውንም አስፈቅጂ፤ ሳታስፈቅጂ ስሙን ከጻፍሽ ነው ጠብ የሚመጣው።

ቁጥሩን ትቼዋለሁ መሰለኝ። ብቻ ሳይቀልዱም መዋረድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዌልስ ውስጥ የስዋንሲ ከተማ ምክር ቤት ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል የመንገድ ምልክት ወደ ዌልስኛ እንዲተረጎምለት በኢሜይል ላከ። የመጣለትን መልስ እንዳለ ምልክቱ ላይ አሳተመው። ለካስ የመጣው የተርጓሚው ኢሜይል በራሱ የሚልከው መልስ ኖሯል! ምልክቱ በእንግሊዝኛ «ከባድ መኪና አይግባ» ሲል፣ ከሥሩ በዌልስኛ «አሁን ቢሮ የለሁም፤ የሚተረጎም ካለ ላኩልኝ» ይላል። ስለዚህ የሚጽፉልሽ ሰዎች በሚያነቡት ቋንቋ ጻፊው። ሁለት ቋንቋ ከሆነም ሁለቱንም።

የእኔ የአሁኑ ይህ ነው፤ ከወደድሽው ውሰጂው፦ «ፈቃድ ላይ ነኝ። ሰኞ ቢሮ እገባለሁ። አስቸኳይ ጉዳይ ካለ ለተተኪዬ ይደወል። ይህን የመለሰው ኮምፒውተሬ ነው። እሱ ከእኔ ፈጥኖ ስለሚመልስ፣ ወንበሬን ሳይወርሰኝ እኔም ፈጥኜ እመለሳለሁ።»

ጉራ አይሁንብኝና፣ ፈቃድ ስወጣ ይህንን ለማግኘት ብለው ባዶ ኢሜይል የሚልኩልኝ ባልደረቦች አሉ። አለቃዬም ዘንድሮ ፈቃድ ሲወጣ መጥቶ «እንዳንተ ያለ የሚያስቅ ነገር ጻፍልኝ እስቲ» አለኝ። «ቢሮ የለሁም፤ ሰኞ እመለሳለሁ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት።