«ዶክተሩ በታካሚ ፊት ያዋርደኛል፤ ዝም ልበል?»

«በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነኝ። አንድ ዶክተር ራውንድ ላይ (ታካሚዎችን እየዞረ ሲያይ) በታካሚና በአስታማሚ ፊት “ማን ነው ያስተማረሽ?” እያለ ያዋርደኛል። ማታ ዱቲ ስሆን ለእሱ መደወል እፈራለሁ። ባለቤቴ “ተይው፣ ሥራሽን ሥሪ” ይለኛል። እኔ ግን ቤት ስገባ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የደረሰብሽ ነገር ያናድዳል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «መደወል እፈራለሁ» ያልሽው ነው። የታካሚ ትንፋሽ ሲፈጥን ስልኩን አንስተሽ መልሰሽ የምታስቀምጪ ከሆነ ስድቡ ከአንቺ አልፎ አልጋው ላይ ለተኛው ሰው ተርፏል።

እሱ ፊት እጅሽ ቢንቀጠቀጥም «ስለማልችል ነው» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የእስራኤል ጥናት አለ። የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ቡድኖች ልምምድ ላይ እያሉ አንዳንዶቹ ከአንድ እንግዳ ባለሙያ የሚያንቋሽሽ ንግግር እንዲሰሙ ተደረገ። እነዚህ ቡድኖች በሽታውን በመለየትም ሆነ በእጅ በሚሠራው ሕክምና ከሌሎቹ አንሰው ተገኙ። መረጃ መለዋወጣቸውና እርዳታ መጠየቃቸውም ቀነሰ።

ስለዚህ አነጋግሪው። በተናደድሽበት ቀን አይሁን፤ ራውንድ ካለቀ በኋላ ለብቻው አግኚው። «ዶክተር፣ ትናንት በአስታማሚ ፊት የተናገሩኝ አሳፍሮኛል። ስሕተት ካለብኝ ለብቻዬ ይንገሩኝ፣ አርማለሁ» በይው። «እርስዎ» ማለትሽን አትተዪ፤ ወደ «አንተ» ከወረድሽ ወሬው ሁሉ ስለዚያ ይሆናል። «ላስቸግርዎት ብዬ አይደለም» የምትለዋን መግቢያ ግን ተያት። ከጮኸ «ሲረጋጉ እንነጋገራለን» ብለሽ ሂጂ።

ማታ ደግሞ ቢጮህም ደውይ። ከመደወልሽ በፊት ግፊቱን፣ የልብ ምቱንና ኦክስጅኑን ወረቀት ላይ ያዢ። ከዚያ ዋናውን አስቀድሚ፦ «የአልጋ 4 ታካሚ አሳስቦኛል። ግፊቱ 80 በ50 ወርዷል፤ መጥተው ይዩልኝ።» የደወልሽበትን ሰዓትና የሰጠሽን መልስ ቻርት ላይ ጻፊ። ካልመጣ ለሲኒየሩ፣ ከእሱ በላይ ላለው ሐኪም፣ ደውይ።

ካልተሻሻለ ቀኑን፣ የተባልሽውንና የሰማውን ሰው መዝግበሽ ለሜትሮኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) በጽሑፍ አቅርቢ። «ነገረኛ ናት» እባላለሁ ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ ፍርሃትሽም ከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነርስ ላይ ብቻ ሲጮህ ግን ብዙም አላየሁም። የደረሰባት ሌላ ካለች አብራችሁ ግቡ። ይለወጣል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። አለቆቹ የሚከላከሉለት ከሆነ ዋርድ መቀየር መሸነፍ አይደለም።

ባለቤትሽ «ተይው» ያለሽ አዝኖልሽ ይሆናል። ግን የዋጥሽው ንዴት ቤት ደርሶ ልጆችሽ ላይ እየወጣ ነው። «ምክር አትስጠኝ፣ ዝም ብለህ ስማኝ» በይው። ለልጆችሽም «ሥራ ላይ ተናድጄ ነው የመጣሁት፣ እናንተ አላጠፋችሁም» በያቸው። ልጅ ምክንያቱ ካልተነገረው ጥፋቱን ራሱ ላይ ይፈልጋል።

እንቅልፍ ካጣሽ ወይም ወደ ሥራ ለመሄድ ስትነሺ እንባ የሚመጣብሽ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሪ። የሥራ ባልደረቦችሽ እንዳያዩሽ ከፈለግሽ ሌላ ሆስፒታል ሂጂ።