ሌሊቱን ከውሻዬ ጋር ብቻዬን ልሁን ብል ምን አለበት?

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እንደዚህ ያለ ጉዳይ ይዞ የሚጽፍልዎት ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ትዕግሥቴ አልቋል፤ የማማክረው ሐበሻም አጠገቤ የለም። የምንኖረው ቴነሲ ነው። ናሽቪል እንዳይመስልዎት፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ኩምበርላንድ የሚሉት አምባ ላይ ነው። አገሩ ጫካ፣ ገደልና ወንዝ ነው። ለቅዳሴ ናሽቪል ድረስ እንነዳለን። የቀረው ጊዜ ፋብሪካና ቤት ነው።

አንድ የምወደው ነገር አለኝ፤ የራኩን አደን። ራኩን ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር የሆነ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ሌሊት ወጥቶ በቆሎ የሚጨርስ አውሬ ነው። ውሻ ሽታውን ይዞ ይከተለዋል። ሲጨንቀው ዛፍ ላይ ይወጣል። ውሻው ከሥር ቆሞ ይጮሃል፤ ባለቤቱ ድምፁን ተከትሎ ይደርሳል። እኔ አልገድለውም። አንበላውም፤ ቆዳውም ዛሬ የነዳጅ አይሸፍንም። በባትሪ አይቼው፣ ውሻዬን አስሬ እመለሳለሁ።

ልጅ ሆኜ ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ አድር ነበር። ከርከሮና ጃርት ሲመጣ ውሾቹን እንለቅባቸው ነበር። እዚህ አገር በሌሊት የውሻ ድምፅ ከጫካ ሲመጣ ያ ጊዜ ይመለስልኛል። ይህን ለሥራ ጓደኞቼ ባስረዳቸው አይገባቸውም።

ውሻዬ ሸጋ ትባላለች። ትሪንግ ዎከር ከሚሉት ዘር ናት፤ ነጭ፣ ጥቁርና ቡኒ። ድምጿን ቢሰሙት! ዱካው የቆየ ከሆነ አልፎ አልፎ ነው የምትጮኸው፤ ረዘም ያለ፣ የሚያላዝን ድምፅ። ዱካው ትኩስ እየሆነ ሲሄድ ጩኸቱ ይቀራረባል። ዛፉ ሥር ስትደርስ ደግሞ ጭራሽ ይለወጣል፤ አጠር አጠር ያለ፣ ወፍራም፣ ማቆሚያ የሌለው። እኔ እንቅልፌን አጥቼ የምወጣው ያቺን ለውጥ ለመስማት ነው።

ግን ማን ያሰማኛል! አብረውኝ የሚወጡት የሥራ ጓደኞቼ ፒካፑ ኋላ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቡናቸውን ከፔርሙስ እየቀዱ፣ ስለ ኳስና ስለ ሱፐርቫይዘሩ ሲያወሩ ያድራሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ወደ ክለብ ውድድር ወሰዱኝ። እዚያ እስከ አራት ውሻ አብሮ ይለቀቃል። ዱካ ላይ መጀመሪያ ለጮኸው 100 ነጥብ፣ ለሁለተኛው 75፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 25። ዛፍ ሥር መጀመሪያ ለጮኸው 125። ባለቤቱ የውሻውን ድምፅ ለይቶ መጥራት አለበት። ውድድር ነውና ይሁን። እነሱ ግን ከዚያ ወዲህ ለመዝናናት በወጣንበት ሌሊትም ነጥብ ይቆጥራሉ። «የኔ ነው የቀደመው!» «የት አባቱ፣ የኔ ነው!» ጭቅጭቅ ብቻ። አንደኛው ደግሞ ያልሠለጠነ ጎረምሳ ውሻ ያመጣል። አጋዘን ከሸተተው ጥሎ ይነጉዳል፤ ሸጋንም አስከትሎ። እሷን አጋዘን እንድትተው ለማስተማር ስንት ለፋሁ!

ስለዚህ ብርዱ ከገባ ወዲህ ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ። እንዴት ያለ ሰላም መሰለዎት። እኔ፣ ጨለማውና ሸጋ። ማንም አያወራም።

ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። «ሰው እንዴት በሌሊት ገደል ለገደል ብቻውን ይዞራል?» ትላለች። ሕፃን አይደለሁም እኮ። የግንባር ባትሪ አለኝ። ሸጋ አንገቷ ላይ ጂፒኤስ አለ፤ በእጄ የምይዘው መሣሪያ የት እንዳለች ያሳየኛል። ስልክ እርግጥ ሸለቆው ውስጥ አይሠራም። አንድ ሌሊት ወንዝ ስሻገር እግሬ ወለም ብሎኝ ትንሽ ተቸግሬ ነበር። ሊነጋ ሲል ሽማግሌው ጎረቤቴ በባለ አራት ጎማ ሞተሩ መጥቶ አወጣኝ፤ የሸጋ ጂፒኤስ ቁጥር ከድሮ ጀምሮ የሱም መሣሪያ ላይ ስለነበረ ነው። ለባለቤቴ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው አልኳት። ለምን ላስጨንቃት? እሱ አልፏል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው።

ሽማግሌው ከኛ ፊት ለፊት ሸንተረሩ ላይ የሚኖር ጎረቤታችን ነው። አደኑን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሸጋንም ቡችላ ሆና የሰጠኝ እሱ ነው። ያኔ የምንወጣው ሁለታችን ብቻ ነበርን። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ መስማት ነበር። አሁን ጆሮው ሄዷል። ማዳመጫ ቢያደርግም የሩቅ ድምፅ አይሰማም። ሸጋ በጮኸች ቁጥር ክንዴን ይይዝና «አሁን ምን እያለች ነው?» ይለኛል። ጆሮው ሥር እየጮህኩ እነግረዋለሁ። እየጮህኩ እንዴት ልስማት? በዚያ ላይ አረማመዱ አዝጋሚ ነው። ቀስ በቀስ መጥራቱን ተውኩ። አርብ አርብ ማታ ይደውላል፤ አላነሳም።

እትዬ፣ ጓደኞቼን እንኳ እምቢ እላለሁ። ሽማግሌውን ግን ምን ልበለው? አደን ትቻለሁ፣ ሸጋንም ሸጫታለሁ ብለው ኃጢአት ይሆንብኛል? እሱ እንደሆነ ብትጮህም አያውቅ።

የሸጋ ጌታ፣ ከቴነሲ

መልስ

ወንድሜ፣

ከሥራ ጓደኞችህ ጋር አትውጣ። ባለ ጎረምሳው ውሻ መጀመሪያ ውሻውን ያሠልጥን። ይህን ለመወሰን እኔ አላስፈልግህም።

እኔን ያስደነገጠኝ በአንድ ትንፋሽ ያለፍከው ነገር ነው። ሽማግሌው ሊነጋ ሲል መጥቶ አወጣህ፤ የሸጋ ቁጥር መሣሪያው ላይ ስለነበረ። እስቲ እዚህ ላይ ቆም በል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ያንን መሣሪያ ለምን ያያል?

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብሉቲክ የሚሉትን የራኩን አዳኝ ውሻ ያሳድግ ስለነበር ዕቃውን አውቀዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ውሻዋ የሄደችበት መስመር ይሳላል። ምን ያህል እንደራቀች በቁጥር ይታያል። ዛፍ ሥር ስትቆም ምልክቷ ይለወጣል። እንግዲህ ሽማግሌው ቤቱ ተቀምጦ ሸጋን ስትለቃት አይቷል። ሸለቆውን ስትዞር አይቷል። ዛፍ ሥር ስትቆም አይቷል። ከዚያ አንተ ደርሰህ እስክታስራት ጠበቀ። ምልክቷ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። አዳኝ ውሻውን ዛፍ ሥር እያስጮኸ አያድርም፤ ይህንን ደግሞ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር እንደደረሰብህ ገባው። ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ብትጣራ የማይሰማህ ሰው ነው። የግንባር ባትሪህን ብርሃን በዓይኑ ፈልጎ ነው የደረሰብህ።

ታዲያ ይህን ሰው ነው «ሸጋን ሸጥኳት» የምትለው? የነገርከው ዕለት ማታ ስክሪኑ ላይ ስትሮጥ ያያታል! ኃጢአት ይሆን ወይ ትለኛለህ። ኃጢአቱን ተወውና፣ እንዴት አድርገህ ዓይኑን ታየዋለህ?

«ብትጮህም አያውቅ» ብለህ ጻፍክ። ይህችን ቃል ካንተ ባልሰማት ደስ ባለኝ። ጆሮው የሄደ ሰው፣ ስልኩ የማይነሳለት ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ በዓይኑ አብሮህ ሲያድን ያድራል። «አሁን ምን እያለች ነው?» የሚልህ አንተን ለመረበሽ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረውን ነገር አሁን የሚያገኘው ካንተ አፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጣዬ። «ትንሽ ተቸግሬ ነበር» አትበለኝ። ትንሽ የተቸገረ ሰው እያነከሰ ወደ መኪናው ይመለሳል፤ ሊነጋ ሲል በሰው ሞተር አይወጣም። ወንዝ ስትሻገር ነው ያልከው። ልብስህ ርሶ ከነበረ ደግሞ ውርጭ እንኳ ባይኖር ሞት አፋፍ ላይ ነበርክ። እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት መጦ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለህ፤ ከዚያ እጅህ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ሐሳብህ ይዘባረቅና እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል። ስልክህ አይሠራም። የት ሸለቆ እንደገባህ የሚያውቅ ሰው ያ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እሱም አንተ ነግረኸው አይደለም።

ለባለቤትህ ጎማ ፈነዳ አልካት። ወንድሜ፣ እሷ «ብቻህን አትሂድ» ብላ ስትከራከርህ የሷን ማስረጃ ኪስህ ውስጥ ደብቀህ ነው የረታሃት። ይህ ደግ ባልነት አይደለም። ጭንቀቷን አልቀነስክላትም፤ ትክክል መሆኗን ነው የከለከልካት።

ሌላም አለ፤ አንተ ጭራሽ ያላነሳኸው። የምታድንበት መሬት የማን ነው? ቴነሲ ውስጥ በሰው መሬት ለማደን የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ውሻ ደግሞ ድንበር አያውቅም፤ ራኩኑ ወደ ሄደበት ትሄዳለች። እነዚያ ገበሬዎች ያንተን መብራት አጥራቸው ሥር ሲያዩ ዝም ያሉት ሽማግሌውን ስለሚያውቁት ይመስለኛል። አንተ ጥቁር ነህ፤ አነጋገርህም የመጤ ነው። በሌሊት በሰው ማሳ ጠርዝ ብቻህን ስትገኝ ማን ነህ የሚልህ ሰው ሁሉ በጎ ሰው ላይሆን ይችላል። ከልቤ እፈራልሃለሁ። እሱ አጠገብህ ሲኖር የአገሩ ሰው ዋስ አለህ ማለት ነው።

ጸጥታ መፈለግህን አልነቅፍም፤ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ይገባዋል። ግን አደኑ ከጥንትም የብቸኛ ሰው አደን አልነበረም። አላባማ ውስጥ የራኩን አዳኝ ውሾች ብቻ የሚቀበሩበት መካነ መቃብር አለ። በፈረንጆቹ 1937 ኪ አንደርውድ የሚባል ሰው ትሩፕ የተባለ ውሻውን ቀበረበት፤ ዛሬ ከ300 በላይ ውሾች አርፈውበታል። ቦታው ከዚያ በፊት አዳኞች ከየአቅጣጫው ተሰብስበው ስለ ውሾቻቸው ሲያወጉ የሚያመሹበት ሰፈር ነበር። አገርህም ቢሆን ማሽላ ጠባቂ ከማማ ማማ እየተጠራራ ነው የሚያድረው። የምትናፍቀው ሌሊት ሰው የነበረበት ሌሊት ነው።

ጩኸቱ ከሆነ ያስቸገረህ፣ ዘዴ አለው። ከሽማግሌው ጋር በእጅ ተግባቡ። ትከሻውን አንድ ጊዜ መታ ስታደርገው ዱካ ይዛለች ማለት ይሁን። ስታከታትል፣ ዱካው ትኩስ ሆኗል። ክንዱን ጭምቅ ስታደርገው ዛፍ ሥር ደርሳለች። አንዲት ቃል አታወጣም፤ ሁለታችሁም ትሰማላችሁ። መሣሪያውን ለሱ ስጠው፤ እሱ በዓይኑ ይከተላት፣ አንተ በጆሮህ። ወንዙ የት የት እንደሚሻገር ካንተ አሥር እጥፍ ያውቃል።

አዝጋሚ ነው ላልከው ደግሞ፣ ማን ገደል አስወጣው አለህ? ሞተሩን የጫካው መንገድ ላይ አቁሞ እዚያው ይቀመጥ። ሸጋ ዛፍ ስትይዝ አንተ ትሄዳለህ፤ እሱ ስክሪኑን እያየ ይጠብቅሃል። ከቆየህ ምን ማድረግ እንዳለበት አንዴ አሳይቶሃል።

እሱ በማይመቸው ሌሊት የግድ ካልወጣሁ ካልክ፣ የትኛው ሸለቆ እንደምትገባና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ለባለቤትህ ጽፈህ ውጣ። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያም ግዛ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን እሱ ካልወጣ አንተም አትውጣ።

ዛሬ ማታ ልጆች ካሉ ከተኙ በኋላ ለባለቤትህ የዚያን ሌሊት ነገር ከነእግርህ፣ ከነወንዙ፣ ከነጎማው ውሸት ንገራት። ትቆጣለች፤ ትቆጣ፣ አታቋርጣት። እሁድ ሽማግሌውን ምሳ ጥሩት፤ ባልሽን ማን እንዳመጣልሽ ይኸው ብለህ ከሷ ጋር አስተዋውቀው፤ እስከ ዛሬ አላወቀችምና። አርብ ሲደውል ደግሞ ስልኩን አንሳ። ሌሊቱን ሙሉ እያበራ የሚያድረው መሣሪያ ባትሪው ደክሞ እንደሆነ ጠይቀው፤ ደክሞ ከሆነ አዲስ ግዛለት።